የአንድ ፊደል ክስ

ጋሪው ቁልቁለቱን እንደጀመረ ባለጋሪው በቅሎዎቹን እስከ አያታቸው ድረስ ሰደበ። በቅሎዎቹ ጆሯቸውን እንኳ አላቆሙም። ከኋላው፣ ከሸራው ሥር ከተቀመጡት ሦስት ሴቶች ግን አንዷ ስድቡን ለራሷ ወሰደችውና አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ በእቅፏ የያዘችውን ሕፃን ጆሮ በመዳፏ ጋረደች። ሦስተኛዋ ሸራውን ገለጠችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ አራስ እኮ ነው የጫንከው!» አለችው።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ በዚህ ዝናብ መንኰራኩሩ እያዳለጠ…»

«አፍህም አብሮ አዳለጠ። መጀመሪያ እሱን ደግፈው።»

ባለጋሪው አፉን ደገፈው። ይህችን ሴት በዚያ ከተማ የማያውቅ አልነበረም። የማቅለሚያ ቤቱ ሠራተኞች በፊቷ «እትዬ»፣ በጀርባዋ «ሬት» ይሏታል። እሷም ሁለቱንም ሰምታ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነበረች፤ «እትዬ» ለማንም ሴት ይሰጣል፣ «ሬት»ን ግን ሠርታ ነው ያገኘችው። እጆቿ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ናቸው። ሰማያዊው ቀለም የሚበጠበጥበትን ጋን እንደ እሷ የሚያውቅበት ስላልነበረ የጦሩ ካፖርት በሙሉ በእነዚህ እጆች ያልፋል። ከምሽግ የሚመለሰው ቁስለኛ የእሷን ቀለም ለብሶ ይመለሳል። የማይመለሰውም ያንኑ ለብሶ ይቀራል።

አሮጊቷ እናቷ ናት፤ የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው «ትልቋ እትዬ» የሚላት። አንገቷን የደፋችው ልጅ ደግሞ የሬት ወንድም፣ የሻምበሉ፣ ሚስት ናት። ቤተሰቡ ሁሉ «ሙሽሪት» ይላታል። ሁለት ጊዜ አርግዛ፣ አንድ ቀብራ፣ አንድ ወልዳም «ሙሽሪት» ነበረች። ያ ቤት ለሰው አንዴ ስም ካወጣ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ደረሰብህ ብሎ ተመልሶ አይጠይቅም።

የሚሄዱት ዳኛ ዘንድ ነው።

በዚያ ዘመን ሕግ «በአፍ መግደል» የሚባል ነገር ነበረ። እናት የገዛ ልጇን ሞት ስትመኝ እማኝ ከሰማት ልጁ ከእቅፏ ተወስዶ ለአባቱ ወገን ይሰጣል፤ እሷም ወደ መጣችበት ትመለሳለች። አባት በአፉ ቢገድል ምን እንደሚደረግ ሕጉ አልጻፈም። ሕጉን የጻፉት አባቶች ነበሩ።

ሙሽሪት የመጣችው ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን ግማሹን ይህኛው ጦር፣ ግማሹን ያኛው ከያዘው ወዲህ ወዲያም ወዲህም የሚያልፍ አልነበረም። እናቷ የልጇን ልጅ አላየችም፤ መወለዱንም መስማቷን እንጃ። «ወደ መጣችበት ትመለስ» ማለት እንግዲህ ድልድዩ አፍ ላይ አውርዶ መሄድ ማለት ነው። ይህን ትልቋ እትዬ ታውቃለች። ሬትም ታውቃለች። ሙሽሪት ራሷ ታውቅ እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ መናገር ካቆመች ቆይታለች።

«የምትዪውን ይዘሻል?» አለች ትልቋ እትዬ።

«ይዣለሁ።»

«እስቲ በዪው።»

«እማዬ፣ ልጅቷ እዚሁ ተቀምጣለች።»

«እሷ ደሞ ምን ትሰማለች? እንጨት! ብታስጠጊያት የምትቆም፣ ብትገፊያት የምትወድቅ። እስቲ በዪው አልኩሽ።»

«ልጇን ‹ቢሞትልኝ› ስትል ሰማሁ።»

«እንደሱ ነው። ‹ል›። አደራ ምላስሽ እንዳይወላገድ። ‹ብ› ካልሽ አለቀልን።»

ነገሩ የቆመው በዚህች አንድ ፊደል ላይ ነበር። «ቢሞትብኝ» ያለች እናት ፈርታለች፤ ሕጉ ከፈራች እናት ጋር ጠብ የለውም። «ቢሞትልኝ» ያለች ግን መገላገል ፈልጋለች፤ ሕጉ የተጻፈው ለእሷ ነው። የሙሽሪትን ክፍል ከጨርቅ ማድረቂያው የሚለየው የሳንቃ ግድግዳ ነው፤ በሳንቃው ውስጥ «ል»ም «ብ»ም ያልፋል። ትልቋ እትዬ ራሷ ሰምታለች፤ ነገር ግን ከሳሽ እማኝ አይሆንም። በዚያ ሰዓት ማድረቂያው ውስጥ እርጥብ ካፖርት ትሰቅል የነበረችው ሬት ነበረች።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ትልቋ እትዬ በስኳር ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከጉያዋ አወጣችና አፉ ውስጥ ከተተችለት። ተፋው።

«ለእናቱ ስጫት» አለች ሬት።

«ወተቷ ቀጭን ነው።»

«ለክተሽው ነው?»

«እኔ ነኝ የወለድኩሽ ወይስ አንቺ ነሽ የወለድሽኝ?»

ሕፃኑ ሲጮህ የሙሽሪት ቀሚስ ከደረቷ ላይ ረጠበ። ሁለት ክብ እርጥበት፣ እየሰፋ ሄደ። ሙሽሪት አየችው፤ እጇን ግን አላነሳችም። የሌላ ሰው ቀሚስ ላይ ውሃ ሲፈስ እንደምታይ ሰው ዝም ብላ አየችው። ሬት ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። ካላዞረች አንድ ነገር አንስታ ልትወረውር ነበር፤ ጋሪው ውስጥ ለእጇ ከሁሉ የምትቀርበው ደግሞ እናቷ ነበረች።

ይህች ልጅ ሳቂታ ነበረች። ካፖርት ሊረከብ የሚመጣውን ወፍራም መቶ አለቃ አረማመድ ስታስመስል ጋን የሚያማስሉት ሠራተኞች እንጨታቸውን ይጥሉ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያዋን ወለደች፤ አላደረችም። ሴት ነበረችና ማንም ጥቁር አልለበሰላትም። ትልቋ እትዬ «ሆድሽ ተከፍቷል፣ ቀጣዩ ወንድ ነው» አለቻት። ይህ በዚያ ቤት ማጽናናት ነበር። ባሏ በዚያው ሰሞን ዘመተ። ቀጣዩ እውነትም ወንድ ሆነና ምጡ እናቱን ሊገድላት ምንም አልቀረውም። ልጁ ሲወጣ ሴቶቹ ሁሉ እሱን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ሮጡ፤ እሷ ደሟ እየፈሰሰ ብቻዋን አልጋው ላይ ቀረች። የሮጡት በክፋት አይደለም። ለማየት ጓጉተው ነው።

ሻምበሉ ከምሽግ አንድ ወታደር ላከ። ለልጁ ትንሽ ጎራዴ፣ ለትልቋ እትዬ ሻል፣ ለሚስቱ «ልጄን አደራ» የሚል ቃል። ሬት ወታደሩን «ለእሷስ ምን ላከላት?» ብትለው፣ «አደራውን ነዋ!» አላት።

ሙሽሪት አደራውን ተቀበለች። አትተኛም። ጣቷን ከሕፃኑ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንፋሹን ስትጠብቅ ታድራለች። ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ቢሞትብኝስ?» ትለዋለች። ውሃ የምትቀዳውን፣ ልብስ የምትተኩሰውን፣ ትልቋ እትዬን። ውሃ የምትቀዳው «ኸረ ምላስሽን ንከሺ» አለቻት። ልብስ የምትተኩሰው ሳቀች። ትልቋ እትዬ «ሥራ ፈት ስለሆንሽ ነው» አለች፤ ሞግዚት ቀጠረችና ልጁን ወደ ራሷ ክፍል ወሰደችው። እናቱ ጡት ልታጠባ ስትፈለግ ብቻ ትጠራ ጀመር፤ እየቆየም መጠራቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው በሳንቃው ውስጥ «ል» የተሰማው።

ሬት ሰምታለች። «ል» ነበረ። በዚህ ጥርጥር የላትም፤ ካፖርቱ ከእጇ ወድቆ ነበርና።

ሆኖም ጋሪው ቁልቁለቱን ጨርሶ የከተማውን ድንጋይ ሲረግጥ ሬት ወስናለች። ከጨርቅ ነጋዴ ጋር ውላ የምትገባ ሴት ውሸት አታውቅም አይባልም። በሕግ መጽሐፍ ላይ እጇን ጭና ግን ዋሽታ አታውቅም። እንግዲህ መጀመሪያ የሚባል ነገር አለ።

*

ፍርድ ቤቱ ለቁስለኛ ማስተኛ ስለተወሰደ ችሎቱ የሚቀመጠው በአንድ የሱፍ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሱፉ ወጥቷል፤ የበጉ ሽታ ግን ፍርድ ሊሰማ ቀርቷል። ዳኛው ሪህ የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለዋል። በስተግራቸው ጸሐፊው የላባ ብዕሩን እየቀረጸ፣ በር ላይ አንድ ዘበኛ ባለጉዳይ እየጠራ።

«እመይቴ፣ ይናገሩ» አሉ ዳኛው።

ትልቋ እትዬ ሕፃኑን እንዳቀፈች ቆመች። ስትናገር ታምር ነበር፤ ጋን ሥር ያደገ ድምፅ ስላላት መጋዘኑ ጠበባት። ልጇ ለመንግሥት ደሙን እያፈሰሰ መሆኑን፣ ወራሹ ይኸው መሆኑን፣ ምራቷ አእምሮዋን መሳቷን፣ አለመብላቷን፣ አለመናገሯን፣ ልጇን ሲያመጡላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯን፣ በመጨረሻም ያችን ቃል በአፏ ማውጣቷን ዘረዘረች።

«እኔ ስንቱን ወልጄ በማግስቱ ጋን ሥር ቆሜያለሁ ጌታዬ። እንዲህ ያለ ቅብጠት አይቼ አላውቅም።»

«ቅብጠት ነው ወይስ አእምሮ መሳት?»

«ሁለቱም ነው ጌታዬ!»

«እማኝ ትቅረብ።»

ሬት ቀረበች። ጸሐፊው የሕጉን መጽሐፍ ዘረጋላትና እጇን ሲያይ መልሶ ሳበው።

«እጅሽን ታጠቢ።»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት።»

«ሰማያዊ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አብሮኝ ነው የሚውለው።»

ጸሐፊው አሰበ፣ አሰበና በመጽሐፉ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት አነጠፈ። ስለዚህ ሬት የማለችው በሕጉ ላይ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ነው። ይህን ኋላ ለራሷ ማጽናኛ አድርጋዋለች።

«በጆሮሽ የሰማሽውን ተናገሪ» አሉ ዳኛው።

ሬት እናቷን አላየችም። «‹ቢሞትብኝ› ስትል ሰማሁ» አለች።

«ምን?» አለች ትልቋ እትዬ።

«‹ብ› ነው ጌታዬ። ልጄ ቢሞትብኝ ምን ይውጠኛል ማለቷ ነው። የፈራች እናት ናት።»

«ዋሸች! ጌታዬ፣ ዋሸች! አሁን፣ አሁን ጋሪ ውስጥ ‹ል› ብላኛለች! አንቺ ምላሰ ጠማማ፣ እኔ ነኝ ያጠባሁሽ?»

«እኔ የጠባሁት ወተት ደግሞ ወፍራም ነበር ማለት ነው» አለች ሬት።

ዘበኛው ሳቀና ሳል አስመሰለው። ዳኛው የተሰቀለውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አስተካከሉ። ጠረጴዛው ጥግ ወደቆመችው ልጅ ዞሩ፤ ድምፃቸውም ከቅድሙ ዝቅ አለ።

«አንቺ ልጅ። የትኛውን ነው ያልሽው?»

ሙሽሪት መሬት መሬት ታያለች። ዝም ብትል እንኳ ይበቃል፤ ዝም ማለት ደግሞ ሙያዋ ሆኗል። ዝም በይ፣ አለች ሬት በልቧ። እንደለመድሽው ዝም በይ። እሱን እንኳ ማን ከለከለሽ።

«‹ል› ነው» አለች ሙሽሪት።

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ድምፅዋ የሻከረ፣ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ድምፅ ነበር።

«ይኸው!» ጮኸች ትልቋ እትዬ፤ «ይኸው በአፏ! በገዛ አፏ አመነች! ይጻፍልኝ!»

«መጀመሪያ ‹ብ› ነበር» አለች ሙሽሪት፤ ማንንም ሳታይ። «እትዬ እውነቷን ነው፣ ያኔ ‹ብ› ነበር። ላገኘሁት ሁሉ ‹ብ› ብያለሁ። አንድ ሰው ‹አይሞትም፣ አንቺ ተኚ፣ እኔ አየዋለሁ› ቢለኝ ብዬ ነበር። የመለሰልኝ የለም። ከዚያ ልጁን ወሰዱት። ሲያለቅስ በግድግዳ እሰማዋለሁ፣ መሄድ አይፈቀድልኝም። ከዚያ አንድ ቀን አፌ ‹ል› አለ። እኔም ሰማሁት። ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁት፤ ሌላ ነገር እንዳያወጣብኝ።»

ሕፃኑ በአያቱ እቅፍ ሆኖ ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ፤ ወይ ድምፅዋን አውቆት ይሆናል፣ ወይ የአያቱ ትከሻ ሰልችቶት።

ሬት ሳትጠራ ወደፊት መጣች።

«ጌታዬ…»

«አንቺ ተይ። አንቺ አሁን በሐሰት ምለሻል።»

«ምያለሁ። ወረቀቱን ያንጥፉልኝ፣ ደግሜ እምላለሁ! ‹ል› ብላለች፣ ሰምቻለሁ፣ እናቴም ሰምታለች፤ ‹ል›ን ለመስማት ጊዜ ኖሮናል። ‹ብ›ን ስትል የት ነበርን? እዚያው ነበርን። እኛ ቤት ሰማያዊ ጋን ብርድ ከነካው ይሞታል ጌታዬ። ቀለሙ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይተወውም። ተራ ገብተን እናድርበታለን፤ አንዱ እሳቱን ይነካካል፣ አንዱ ያማስላል፣ አንዱ ያሸተዋል። ጋን ‹አደራችሁን› ብሎ አያውቅም፤ እኛ ግን እናድርለታለን! ይህች ልጅ በሰው አማርኛ ለመነችን። ‹ቢሞትብኝስ› አለች። ተራ የገባላት አንድ ሰው የለም። ‹ምላስሽን ንከሺ› አልናት። ነከሰችው። አሁን ደግሞ ለምን አትናገርም ብለን ከሰስናት!»

«እኔስ!» አለች ትልቋ እትዬ። የጮኸች መሰላት እንጂ ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «እኔስ ስወልድ ማን ተራ ገባልኝ? ከአንቺ በፊት የሞቱብኝን ማን ጠየቀኝ? ማን አለቀሰልኝ? እሷን ከእኔ ምን ለያት?»

«ምንም! እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ ምንም!»

እናትና ልጅ ተፋጠጡ። የሁለቱ መንጋጋ አንድ ነበር፤ ጸሐፊው ይህን አስተውሎ ወደ ቀለም ብልቃጡ አጎነበሰ። ሬት በዚያች ቅጽበት ስለ እናቷ አንድ ነገር የገባት መሰላት፤ ግን ስለተናደደች ለማዘን ጊዜ አልነበራትም። እናቷ ያኔ ያልጮኸችውን ጩኸት ሁሉ አስቀምጣ፣ ከሌላ ሴት ልጅ ላይ ልታስከፍል ነው የመጣችው።

«ጨረሳችሁ?» አሉ ዳኛው። መልስ ሳይጠብቁም ወደ አሮጊቷ ዞሩ። «እመይቴ፣ ቅድም ምራቴ አእምሮዋን ስታለች ብለውኛል።»

«ስታለች ጌታዬ። አያዩአትም?»

«አእምሮውን የሳተ ሰው በራሱ ላይ የሚሰጠው ቃል አይያዝም። ያመነችው ቀረ።»

«እንግዲያውስ አልሳተችም!»

«ካልሳተች ደግሞ ልጇን ምን ብዬ ልንጠቃት? ሕጉ የሚለው ‹እማኝ ከሰማት› ነው። እማኟ ‹ብ› ብላለች።»

«እማኟማ ዋሽታለች!»

«ዋሽታለች። ስለዚህ እማኝ የለም። ክሱ ወድቋል።»

ዳኛው ይህን የፈረዱት ርኅራኄ አሸንፏቸው አልነበረም። እግራቸውን ያማቸው ነበር፤ በር ላይ ገና ስለ አጥር የተጣሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። በዚያ ችሎት ደግ ፍርድ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ በኩል ነበር። ዞር አሉና ሬትን በጣታቸው ጠቆሟት።

«አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቃልሽ በዚህ ችሎት አይሰማም። በእማኝነትም፣ በዋስነትም። እስክትሞቺ።»

«ይሁን ጌታዬ። እስከ ዛሬም የሰማው አልነበረም።»

«ልጁን ለእናቱ ይስጡ» አሉ ዳኛው፤ ጫማቸውን እየፈለጉ።

ትልቋ እትዬ መጋዘኑን አቋርጣ ሄደችና ሙሽሪት ፊት ቆመች። ሕፃኑን ከደረቷ አላቀቀችው፤ ሻሏ አብሮ ተላቀቀ።

«እንቺ። ያንቺ ነው ተብሏል።»

የሙሽሪት እጆች ጎኗ ላይ እንደተሰቀሉ ቀሩ። ሁሉም ያያታል። ዳኛው በአንድ ጫማ ያዩአታል። አሁን ካልተቀበለችው ትልቋ እትዬ እዚያው ቆማ አዲስ ክስ ትከፍታለች፤ እማኙም መጋዘኑ ሙሉ ሰው ነው። ሬት «ውሰጂው» ልትል አፏን ከፈተችና፣ ቃሏ የማይሰማ መሆኑ ትዝ አላት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች ሙሽሪት። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከጋሪው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬትን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «እትዬ፣ እጥለዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ያዢልኝ።»

ሬት ሕፃን ይዛ አታውቅም ነበር። ያላገባች፣ ያልወለደች፣ ከሰው ልጅ ይልቅ ከካፖርት ጋር የኖረች ሴት ናት። ከእናቷ እጅ ተቀበለችና እንደ እርጥብ ጨርቅ በሁለት ክንዷ ላይ አጋደመችው። ሕፃኑ ሰማያዊውን ጣት አየ፤ ያዘው። ዳኛው «ተቀብላለች፣ ጻፍ» አሉ፤ ማን እንደተቀበለች አላብራሩም።

ትልቋ እትዬ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«እንዳትመጡ። ሁለታችሁም። ደጃፌን ብትረግጡ ውሻ ነው የምለቅባችሁ።»

«እሺ» አለች ሬት። «ውሻው ጋን ማማሰል ይችላል?»

ትልቋ እትዬ የበሩን መቃን ያዘች።

«መቶ አለቃው ካፖርቱን ሊረከብ ይመጣል። ጋኑን ትቼው ነው የመጣሁት፣ እሳቱን የሚነካካው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሂጂና አማስዪው። ወይም ደግሞ ከማድረቂያው በላይ ያለችውን የእኔን ክፍል ምድጃ አንድጂና ጠብቂን። ሞግዚቷ ደግሞ ልብስ ማጠብ ትችላለች፤ ልጁን እናቱ ታጠባዋለች። የመረጥሽውን።»

«ትለማመጪኛለሽ ብዬ ነበር» አለች እናቷ።

«ካንቺ አልተማርኩትም።»

አሮጊቷ ሻሏን አጣፋች። ዝናቡን አየች፤ ባለጋሪውን አየች። «ጋሪውን መልሼ እልክላችኋለሁ» አለች፣ ወደ እነሱ ሳትዞር፤ ወጣችም። ቀጥሎ ባለጋሪው ሲሰደብ ተሰማ። የዛሬው ስድብ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፣ አለች ሬት በልቧ።

*

ከችሎቱ ውጪ በኮሪደሩ ግድግዳ አጠገብ የባለጉዳዮች አግዳሚ ወንበር አለ። ሙሽሪት እዚያ ላይ ተቀመጠችና፣ ሬት ሕፃኑን ስታስጠጋላት ማጥባት ጀመረች። ወተቱ ቀጭን ይሁን ወፍራም ሕፃኑ አስተያየት አልሰጠም። በአጥር የተጣሉት ሁለት ጎረቤታሞች በአክብሮት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እዚያው እየተሰዳደቡ።

ሕፃኑ ጠግቦ ሲለቃት ሬት ወሰደችው። ሙሽሪት ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗ ግን አልተከደነም።

«ተኚ» አለች ሬት።

«ከተኛሁ ትንፋሹን ማን ያያል?»

«እኔ።»

«ሲተነፍስ ሆዱ ነው የሚነሳው። ደረቱን ብታዪ ያታልልሻል። ጣትሽን ከአፍንጫው ሥር…»

«እሺ።»

«ቢሞትብኝስ፣ እትዬ?»

ሬት ሰማያዊ ጣቷን ከሕፃኑ አፍንጫ ሥር አደረገች። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ፣ ተመላልሶ የሚመጣ ነገር ነካት።

«እየተነፈሰ ነው» አለች። «አሁንም ተነፈሰ። አሁንም። ስትነሺም እንዲሁ እነግርሻለሁ።»

ሙሽሪት በጎኗ አግዳሚው ላይ ጋደም አለች፤ እግሯን እንኳ አልሰበሰበችም፤ እንደ ተቆረጠ ክር ወደቀች። ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው ከችሎቱ ወጣ።

«እትዬ፣ እዚህ መተኛት ክልክል ነው። ወንበሩ የባለጉዳይ ነው።»

«ባለጉዳይ ናት።»

«ጉዳይዋ አለቀ እኮ!»

«የእናንተ ነው ያለቀው።»

«እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው። ትነሳና…»

«ቀስቅሳት» አለች ሬት፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እስቲ ንካትና ቀስቅሳት። እኔ ቃሌ የማይሰማ ሰው ነኝ፤ ከዚህ በኋላ ለማደርገው ነገር ማንም ዳኛ ቃሌን ሊቀበል አይችልም። አስበህበት ንካት።»

ዘበኛው አሰበበት። የተኛችውን አየ፤ ሰማያዊውን እጅ አየ፤ ሕፃኑን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጣዮቹን ባለጉዳዮች፣ በአጥር የተጣሉትን፣ በቀስታ ጠራቸው። በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ገቡ።

«አሁንም ትጮሃለህ» አለችው ሬት።